ኦርጋኖይዱ መድኃኒቱን «ተቋቋመ» ከማለትዎ በፊት፦ የሙከራ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከታካሚ የካንሰር እጢ ተወስዶ በጄል ውስጥ የሚያድግ ኦርጋኖይድ (ጥቃቅን የሕዋስ ስብስብ)፣ ታካሚው ለመድኃኒት የሚሰጠውን ምላሽ አስቀድሞ ሊያመለክት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በተሰራጨ የምግብ ቧንቧና የአንጀት አካባቢ ካንሰር ላይ የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል፤ ኦርጋኖይዱ «ይሠራል» ካላቸው መድኃኒቶች 88 በመቶው በታካሚው ላይ ሠርተዋል፣ «አይሠራም» ካላቸው ግን አንድም የሠራ አልተገኘም። እንዲህ ያለ ውጤት የሚገኘው ሙከራው ራሱ የሚታመን ሲሆን ነው። በእኔ ግምት በየላቦራቶሪው «ተቋቋመ» ተብሎ ከሚመዘገበው ቀላል የማይባለው፣ መድኃኒቱ የመሥራት አቅሙን እንደያዘ ሕዋሱ ዘንድ ያልደረሰበት ነው። ስለዚህ ሕዋሱን ከመጠርጠር በፊት ፕሌቱን (ሕዋሱ የሚያድግበትን ባለ ጉድጓድ ሳህን)፣ የመድኃኒቱን ጠርሙስና ሚዲየሙን (ሕዋሱ የሚመገበውን ፈሳሽ) መጠርጠር ይሻላል።

ምልክት፦ መመሳሰል የነበረባቸው ጉድጓዶች አይመሳሰሉም

መድኃኒት ያልነካቸውን የማነጻጸሪያ ጉድጓዶች ቁጥር፣ ሕዋሱን ባከፋፈሉበት ቅደም ተከተል ይደርድሩት። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ከሄደ ምክንያቱ መዝቀጥ ነው። የኦርጋኖይድ ቁርጥራጭ ከነጠላ ሕዋስ ስለሚከብድ እርስዎ ሲያከፋፍሉ እሱ ወደ ቱቦው ግርጌ ይወርዳል። ቁርጥራጮቹን በ70 ማይክሮሜትር ወንፊት ያሳልፉ፤ ሲያከፋፍሉም በየጥቂት ጉድጓዱ ቱቦውን ቀስ ብለው ያማስሉ።

የተለዩት የዳር ጉድጓዶች ብቻ ከሆኑ ችግሩ ትነት ነው። ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ በዳር ያሉትን 36 ጉድጓዶች በንጹሕ ውኃ ወይም በበፈር ሞልቶ በቀሩት 60 መሥራት ብክነት ይመስላል፤ የማይታመን ፕሌት መድገም ግን የባሰ ብክነት ነው።

ኦርጋኖይዶቹ ከታች ተለጥፈው ጠፍጣፋ ሆነው ከተገኙ ደግሞ ጄሉ ሳይረጋ ሰምጠዋል ማለት ነው። ማትሪጄል የተባለው ጄል በበረዶ ላይ ፈሳሽ ነው፤ ሲሞቅ ይረጋል። ጠብታውን ካስቀመጡ በኋላ ፕሌቱን ገልብጠው በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ኢንኩቤተር ውስጥ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያቆዩት። ፒፔቱ ጫፍ ላይ ጄሉ እየረጋ ካስቸገረ የፒፔት ጫፎቹን አስቀድመው ያቀዝቅዙ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፕሌቱን ለመቀበል ወይም ለመጣል ዜድ ፕራይም የተባለውን የሙከራ ጥራት መለኪያ ያስሉ። ከ0.5 በታች ከሆነ ስለ መድኃኒቱ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ምልክት፦ መድኃኒቱ ምንም አላደረገም

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ውጤት ግኝት ይመስላል።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው መድኃኒቱ በምን እንደተሟሟ ነው። ላቦራቶሪዎች ሁሉንም ነገር ዲኤምኤስኦ በተባለ ማሟሚያ ፈሳሽ ማሟሟት ልማዳቸው ነው። ሲስፕላቲን የተባለው ፕላቲነም ያለበት የካንሰር መድኃኒት ግን በዲኤምኤስኦ ውስጥ ይበላሻል፤ የዲኤምኤስኦ ሰልፈር ከፕላቲነሙ ጋር ይያያዝና የክሎራይዱን ቦታ ይወስዳል፣ የሚቀረውም ካንሰር የመግደል ኃይሉን ያጣ ውሁድ ነው። ሲስፕላቲንን በ0.9 በመቶ የጨው ውኃ ያሟሙ፤ ከብርሃን ይጠብቁት፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚዘቅጥም ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስቀምጡት።

ቀጥሎ ሚዲየሙን ይመልከቱ። ብዙ የኦርጋኖይድ ሚዲየም ኤን-አሴቲልሲስቴይን አለበት፤ ይህ ውሁድ የያዘው ሰልፈር ፕላቲነም ስለሚይዝ ሲስፕላቲኑን ሕዋሱ ዘንድ ሳይደርስ ሊያመክነው ይችላል። ኢጂኤፍ የተባለው የእድገት ፕሮቲንም እንዲሁ ነው፤ ሴቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት የሚዘጋውን የኢጂኤፍ ተቀባይ ሚዲየሙ ራሱ በብዛት እያነቃው መድኃኒቱ ደካማ ቢመስል አይገርምም። በመድኃኒቱ ቀናት እነዚህን ከሚዲየሙ ያውጡ፤ ከማነጻጸሪያ ጉድጓዶቹም ጭምር ያውጡ፣ አለበለዚያ የሚያነጻጽሩት ሁለት የተለያዩ ሚዲየሞችን ይሆናል።

ሦስተኛው ጉበት ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ የሚሠራው የጉበት ኢንዛይሞች ከለወጡት በኋላ ነው፤ ፕሌቱ ላይ ጉበት የለም። በእሱ ፋንታ ያለ ኢንዛይም ራሱ የሚለወጠውን 4-ሃይድሮፐሮክሲሳይክሎፎስፋማይድ ይጠቀሙ። ኢሪኖቴካንም ዋናው ኃይሉ ወደ ኤስኤን-38 ሲለወጥ ስለሚገኝ ኤስኤን-38ን በቀጥታ መሞከር ይሻላል።

ቤቫሲዙማብን ወይም ፔምብሮሊዙማብን ሞክረው «አልሠራም» ካሉ ደግሞ መፍትሄው ሙከራውን መተው ነው። የመጀመሪያው የደም ሥር እድገትን ይገታል፣ ሁለተኛው የመከላከያ ሕዋሳትን ያነቃቃል፤ ተራ ኦርጋኖይድ ሁለቱም የሉትም። ከታካሚው የተወሰዱ የመከላከያ ሕዋሳት አብረው የሚያድጉበት ሞዴል ሌላ ሥራ፣ ሌላ በጀት ነው።

ምልክት፦ ማይክሮስኮፑና ቁጥሩ አይስማሙም

ማይክሮስኮፑ እድገት ቆሟል ይላል፤ የኤቲፒ (የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) መለኪያው ግን ሕዋሱ እንደበዛ ነው የሚያሳየው። መድኃኒቱ እንደ ፓልቦሲክሊብ ያለ ሲዲኬ 4/6 (ሕዋስ እንዲከፋፈል የሚገፉ ኢንዛይሞች) አጋጅ ከሆነ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሕዋሱ መከፋፈሉን ያቆማል፣ መተለቁን ግን አያቆምም፤ ትልቅ ሕዋስ ደግሞ ብዙ ኤቲፒ ይይዛል። ኒውክሊየሶችን በማቅለሚያ ቀልሞ መቁጠር ወይም ዲኤንኤን መለካት ጉዳዩን ይለየዋል።

ተቃራኒውም አለ፤ ሚቶኮንድሪያን የሚያውክ መድኃኒት ሕዋሱን ሳይገድል ኤቲፒውን ያወርዳል። መድኃኒቱን አጥበው አውጥተው ለጥቂት ቀናት ይተዉት። ካገገመ አልሞተም ነበር።

ዶክሶሩቢሲን በራሱ ቀይ ብርሃን ስለሚሰጥ ከሬሳዙሪን (ሕያው ሕዋስን በብርሃን የሚያሳይ ማቅለሚያ) ንባብ ጋር ይደባለቃል፤ ሕዋስ የሌለበት ባለመድኃኒት ጉድጓድ ማካተት ይበቃል። የትልልቅ ኦርጋኖይዶች ንባብ ዝቅ ካለ ደግሞ ሕዋስ አፍራሹ ፈሳሽ መሃላቸው አልደረሰ ይሆናል፤ ለሦስት አውታር የሕዋስ ባህል (በላቦራቶሪ ለሚያድግ ሕዋስ) የተሠራውን ይምረጡ፣ በደንብም ያናውጡት።

ምልክት፦ ያው ናሙና ሲደገም ሌላ አይሲ50 (ንባቡን በግማሽ የሚቀንስ የመድኃኒት መጠን) ይሰጣል

የማትሪጄሉ የምርት ቁጥር ተቀይሮ ከሆነ ያንን ይመዝግቡ፤ ጄሉ ከአይጥ እጢ የሚወጣ ስለሆነ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ይለያያል። ለአንድ ጥናት የሚበቃውን ከአንድ ምርት መግዛት ይመረጣል።

ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ የእድገት ፍጥነት ነው። መድኃኒቱ መከፋፈልን ሙሉ በሙሉ ያቆማል፣ አንድም ሕዋስ ግን አይገድልም እንበል። በሙከራው ጊዜ የማነጻጸሪያው ሕዋስ ሦስት ጊዜ ከተከፋፈለ ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ መድኃኒት ያገኘው 12.5 በመቶ ሆኖ ይነበባል። አንድ ጊዜ ብቻ ከተከፋፈለ 50 በመቶ ይነበባል። መድኃኒቱ ያው፣ ሥራውም ያው፤ አንዱ «ስሱ» ሌላው «ተቋቋሚ» ተብሎ ይመዘገባል። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት የእድገት ፍጥነትን ያገናዘበ ስሌት ይህን ያርማል። የሚጠይቀው ነገር ቢኖር መድኃኒቱ በሚጨመርበት ሰዓት የሚነበብ አንድ ተጨማሪ ፕሌት ነው። ይህን ፕሌት ለመቆጠብ ብሎ መተው አይገባኝም።

ምልክት፦ የተለያዩ ታካሚዎች ናሙና አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል

ምናልባት እያደገ ያለው ካንሰሩ ላይሆን ይችላል። በተለይ በሳንባና በፕሮስቴት ናሙና ጤነኛው ሕዋስ ካንሰሩን በልጦ ሚዲየሙን ይወርሳል። የኦርጋኖይዱን ዲኤንኤ ከመጀመሪያው እጢ ጋር ያስተያዩ፤ የእጢው ለውጦች ከሌሉበት እስካሁን የሞከሩት ጤነኛ ሕዋስ ነው። ፒ53 የተባለው ጂን የተበላሸበትን ካንሰር ኑትሊን-3 (ጤነኛ ፒ53 ያለውን ሕዋስ የሚገታ ውሁድ) በመጨመር፣ ኤፒሲ የተባለው ጂን የተበላሸበትን የትልቁ አንጀት ካንሰር ደግሞ ደብልዩኤንቲና አር-ስፖንዲን የተባሉትን የእድገት ፕሮቲኖች ከሚዲየሙ በማውጣት መምረጥ ይቻላል። ሁለቱም ዘዴዎች የሚያገለግሉት ለውጡ መኖሩ ከታወቀ ብቻ ነው።

የናሙና መቀላቀልንም አይርሱ። ኤምዲኤ-ኤምቢ-435 የተባለው የሕዋስ መስመር ለዓመታት የጡት ካንሰር ተብሎ ሲሠራበት ቆይቶ የሜላኖማ ሆኖ ተገኝቷል። የኤስቲአር ምርመራ (የዲኤንኤ አሻራ) ይህን ይለያል።

ምልክት፦ ጄምሲታቢን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በድንገት ደከመ

ሚዲየሙ ካልደፈረሰ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ማይኮፕላዝማ የተባለው በጣም ጥቃቅን ባክቴሪያ ሳያደፈርስ ይኖራል፤ አንዳንድ ዝርያዎቹም ጄምሲታቢንን የሚያፈርስ ኢንዛይም አላቸው። በፒሲአር ይመርምሩ። ከተገኘ ባህሉን ይጣሉ፣ ከመበከሉ በፊት ከቀዘቀዘው ክምችት አዲስ ያውጡ፣ ከዚያ ባህል የተገኙትን የመድኃኒት ውጤቶችም መጨረሻ ንጹሕ ሆኖ እስከተመረመረበት ቀን ድረስ ወደ ኋላ ይሰርዙ።