ልጆች በቀላሉ የማይከፍቱትን የከረጢት መዝጊያ እንዴት መምረጥ፣ መፈተሽና መጠቀም ይቻላል?

የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑ ጠንካራ ከሆነ አብዛኛው ሥራ አልቋል፤ የጠርሙሱን ገላ የሦስት ዓመት ልጅ አይቀደውም። ከረጢት ግን ይታጠፋል፣ ይጎተታል፣ በጥርስ ይነከሳል። ስለዚህ አደገኛ ነገር በከረጢት ሲቀመጥ ዚፑ መቆለፉ ብቻውን አይበቃም። የከረጢቱ ላስቲክ፣ በሙቀት የተበየዱት ጠርዞች፣ የዚፑ ሁለት ጫፎችና የሚዘጋው ሰው እጅ አንድ ላይ ሆነው ነው መቆለፊያ የሚሆኑት። ከእነዚህ አንዱ ከደከመ ልጁ በዚያ በኩል ይገባል።

ከመጀመሪያው ግልጽ መሆን ያለበት ሌላም ነገር አለ። እንዲህ ያለ መዝጊያ ልጅን ያዘገየዋል እንጂ ጨርሶ አያግደውም። የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አዋቂ ሰው ደርሶ ከረጢቱን ከልጁ እጅ ለመውሰድ የምትበቃ።

መዝጊያው የሚሠራው እንዴት ነው?

ተራው የከረጢት ዚፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄዱ ሁለት መስመሮች አሉት። አንደኛው ጎልቶ የወጣ ነው፤ ሌላኛው ቦይ አለው። ወንዴና ሴቴ እንበላቸው። በጣት ሲጫኑ ወንዴው ሴቴው ውስጥ ገብቶ ይያዛል። ለመክፈት ግን ሁለቱን ከንፈሮች ወዲያና ወዲህ መሳብ ብቻ ይበቃል፤ ይህን ገና የሚያዘግም ሕፃንም ይደርስበታል።

ልጆች የማይከፍቱት ዓይነት በዚህ ላይ ሌላ እንቅስቃሴ ይጨምራል፤ ያውም ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ጊዜ መደረግ ያለበት። ለምሳሌ በአንድ እጅ የመዝጊያውን ጆሮ (ለመጫን የወጣውን ትንሽ ምላስ) እየጫኑ በሌላው እጅ በዚፑ ላይ የሚሄደውን ማንሸራተቻ መግፋት። «በአንድ ጊዜ» የሚለው ቃል ዋናው ነገር ነው። ትንሽ ልጅ ነገሮችን እያፈራረቀ ነው የሚሞክረው፦ ይጫናል፣ ይለቃል፣ ይጎትታል፣ ይነክሳል። እንቅስቃሴዎቹ ተራ በተራ የሚደረጉ ቢሆኑ ኖሮ ሲሞካክር በአጋጣሚ ይገጥምለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በካናዳዋ ዊንዘር ከተማ ሐኪሙ አንሪ ብሮ የገፉበት «ተጭነህ አዙር» የሚባለው የመድኃኒት ክዳን የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው።

በገበያ ላይ ያሉት የከረጢት መዝጊያዎች በአብዛኛው ከሚከተሉት አንዱ ናቸው።

የሚቆለፍ ማንሸራተቻ ያለው። ማንሸራተቻው መንገዱን ጨርሶ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ለማስወጣት ጎንና ጎኑን መጭመቅ ወይም ወደ ታች መጫን፣ ሳይለቁም መግፋት ያስፈልጋል። ደጋግሞ ለሚከፈት ከረጢት ይሄኛው ይመረጣል፤ ምክንያቱም መቆለፉን በዓይን ማየት ይቻላል።

ከንፈሩ የተደበቀ። የዚፑ ከንፈሮች እኩል ተጣብቀው ወይም በላስቲክ ተሸፍነው ጣት የሚይዘው ነገር አያገኝም። ምልክት ባለበት ቦታ ቆንጥጦ መለያየት፣ ከዚያም እዚያው እንደያዙ መሳብ ግድ ነው። ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ቀላልም ነው። ጉድለቱ ለአረጋውያንና መገጣጠሚያቸው ለሚታመም ሰዎች አስቸጋሪ መሆኑ ነው። አዋቂው የተቸገረበትን መዝጊያ ደግሞ ክፍቱን ይተወዋል፤ ያኔ ከተራ ከረጢት የከፋ ይሆናል።

አንዴ ብቻ የሚቀደድ። እስኪቀደድ ድረስ ልጅን ያስቸግራል፤ ከተቀደደ በኋላ ግን ተራ ከረጢት ነው። በአንድ ጊዜ ተወስዶ ለማያልቅ ነገር አይሁን።

ከመግዛት በፊት

መጀመሪያ የሚቀመጠው ነገር ይወሰን። ፈሳሽ አሲድ፣ የቱቦ መክፈቻ ኬሚካልና ነጭ ጋዝ በከረጢት አይቀመጡም፤ በመጡበት ዕቃ ይቆዩ። መድኃኒትንም ከመጀመሪያው ማሸጊያው አውጥቶ ወደ ከረጢት መገልበጥ ትልቅ ስህተት ነው። ስሙ፣ መጠኑና የሚያበቃበት ቀን ይጠፋል፤ አደጋ ቢደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። ከረጢቱ ጥቅም የሚሰጠው የመድኃኒቱን ማሸጊያ እንዳለ ውስጡ አስገብቶ እንደ ሁለተኛ አጥር ሲያገለግል ነው።

የልብስ ማጠቢያ እንክብሎች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ቀለማቸው ከረሜላ ይመስላል፣ ሽፋናቸው በምራቅ ይሟሟል፣ ውስጣቸው ያለው ሳሙና ፈሳሽ ያልቀጠነ፣ ብርቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ባወጣውና ከሰኔ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ ቁጥር 1297 መሠረት የእነዚህ እንክብሎች የውጭ ማሸጊያ ውስጡን የማያሳይ መሆን አለበት። መዝጊያውም የሁለት እጅ የተቀናጀ እንቅስቃሴና ለልጅ የሚከብድ ጉልበት መጠየቅ፣ ማሸጊያው እስኪያልቅ ድረስም ተከፍቶ ሲዘጋ ጠባዩን አለመለወጥ አለበት። እንክብሉ ራሱ ደግሞ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውኃ ውስጥ ቢያንስ 30 ሰከንድ ፈሳሹን ይዞ መቆየት፣ 300 ኒውተን (የ30 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል) ግፊት መቻል እና ወደ አፍ ሲገባ የሚያስጠላ መራራ ነገር መያዝ ይጠበቅበታል። ደንቡ የትም አገር ለሚገዛ ሰው ጥሩ መለኪያ ነው። እንክብሎቹን ከዚህ ማሸጊያ አውጥቶ በሚያሳይ ተራ ከረጢት ማስቀመጥ ይህን ሁሉ ጥበቃ በአንድ ጊዜ መጣል ነው።

ቀጥሎ ላስቲኩን ይመልከቱ። ቀጭኑ የቤት ዚፕ ከረጢት በብዛት ከፖሊኢትሊን ብቻ የተሠራ ነው። ሲነከስ ይለጠጥና ይበሳል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሁለትና ሦስት ዓይነት ላስቲክ የተደራረበበት፣ በጥቅሉ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሚወፍር ከረጢት ነው። ከውስጥ ፖሊኢትሊን፣ ከውጭ ፖሊስተር ወይም ናይለን ይሆናል፤ አንዳንዱ መሐሉ ላይ አሉሚኒየም አለው።

ውፍረት ግን ብቻውን አያስተማምን። ፖሊስተርን መቅደድ የሚከብደው ለመጀመር ነው እንጂ ለመቀጠል አይደለም፤ ጠርዙ አንዴ ትንሽ ከተሰነጠቀ ቀዳዳው እንደ ወረቀት ይሮጣል። የፋብሪካ መቅደጃ ጭረት የሚሠራውም በዚህ ጠባይ ነው። ስለዚህ ጭረቱ የት እንዳለ ያረጋግጡ። ከዚፑ በላይ ከሆነ ደህና ነው። ከዚፑ በታች ከሆነ ያ ከረጢት የቱንም ያህል ጥሩ ማንሸራተቻ ቢኖረው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ብዙ ከረጢት የሚገዙ ከሆነ አንዱን ለፈተና ይሠዉ። ፍተሻውን አዋቂ ሰው ያድርገው፤ ልጅ እንዲሞክር መስጠት መክፈቻውን ማስተማር ነው።

ባዶውን ከረጢት አየር እንደያዘ ይዝጉትና ውኃ ውስጥ አጥልቀው ይጫኑት። አረፋ ከዚፑ መሐል ከወጣ በደንብ አልተጫነም ማለት ነው፤ እንደገና ተጭነው ይድገሙ። አረፋው ከዚፑ ሁለት ጫፎች፣ ዚፑ ከጎን ጠርዝ ጋር ከሚገናኝበት ጥግ ከወጣ ግን ችግሩ የአሠራር ነው። እዚያ ቦታ ላይ ዚፑ በሙቀትና በግፊት ጠፍጥፎ ካልተበየደ ትንሽ ዋሻ ይቀራል። ልጅ ጣቱን ወይም ጥርሱን የሚያስገባው እዚያ ነው፤ እንዲህ ያለውን ከረጢት ይመልሱት።

ከዚያ በእጅ ይፈትኑት። ማንሸራተቻውን ሳይጭኑ በኃይል ይግፉት፤ መንቀሳቀስ የለበትም። ወደ ላይ ነቅለው ለማውጣት ይሞክሩ፤ ርካሹ ዓይነት እዚህ ላይ ከሐዲዱ ይወጣል፣ ከወጣም ዚፑ ተራ ዚፕ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን የከረጢት ፊቶች ከዚፑ በታች ይዘው ወደ ውጭ ይሳቡ። ብዙ ዚፕ ከላይ በከንፈሩ ሲሳብ ጠንክሮ ከታች ግን ይለቃል፤ ልጅ ደግሞ ከንፈሩን አያውቅም፣ የሚይዘው ሆዱን ነው።

በመጨረሻም 30 ጊዜ ያህል ከፍተው ይዝጉት። ቁልፉ መጀመሪያ የነበረው ድምፅና ጥንካሬ ከቀነሰ ዕድሜው አጭር ነው።

ይህ ሁሉ የቤት ፍተሻ ነው፤ ይፋዊውን ፈተና አይተካም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ሕግ መሠረት የሚደረገው ፈተና ዕድሜያቸው ከ42 እስከ 51 ወር የሆኑ ልጆችን፣ 50 በ50 እየተቆጠሩ ከፍ ሲል እስከ 200 ድረስ፣ ሁለት ሁለት አድርጎ ያስቀምጣል። 5 ደቂቃ እንዲሞክሩ ይደረጋል። ያልከፈቱት ፊት አንድ አዋቂ ሳይናገር ከፍቶ ያሳያል፤ ጥርሳቸውን ያልተጠቀሙ ካሉ በጥርስም መሞከር እንደሚችሉ ይነገራቸዋል፤ ሌላ 5 ደቂቃ ይሰጣቸዋል። 200 ልጆች ሲፈተኑ ማሸጊያው የሚያልፈው ከማሳያው በፊት 85 በመቶው፣ በጠቅላላው 10 ደቂቃ ደግሞ 80 በመቶው መክፈት ካልቻሉ ነው። ልብ ይበሉ፤ ያለፈ ማሸጊያ እንኳ ከአምስት ልጆች አንዱ ሊከፍተው ይችላል። ከአዋቂዎችም ከ50 እስከ 70 ዓመት ካሉት 90 በመቶው በ5 ደቂቃ፣ በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ በ1 ደቂቃ ከፍተው በትክክል መዝጋት አለባቸው። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) 8317 ተከፍተው ለሚዘጉ ማሸጊያዎች የወጣ ተመሳሳይ ደረጃ ነው። ሻጩ «ልጅ አይከፍተውም» ካለ በየትኛው ደረጃ እንደተፈተነ ይጠይቁ። ፈተናው የተደረገው በዚያው መጠን ከረጢት ላይ መሆኑንም ይጠይቁ፤ ትልቁ ላይ ያለፈ መዝጊያ ትንሹ ላይ በሌላ መልኩ ይያዛል።

መሙላትና መዝጋት

1. እጅና ከረጢት ደረቅ ይሁኑ። ዱቄት የሚሞሉ ከሆነ የዚፑን ቦይ በታጠፈ ወረቀት ይሸፍኑት ወይም አፉ ሰፊ ጫፉ ጠባብ በሆነ ማፍሰሻ (ፈነል) ይሙሉ።

2. ከከረጢቱ ሁለት ሦስተኛ በላይ አይሙሉ፤ ከዚፑ በታች ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ። የተወጠረ ከረጢት ዚፑን ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ ያለማቋረጥ ሊከፍተው ይሞክራል።

3. ሹል ጠርዝ ያለውን ነገር፣ ለምሳሌ የመድኃኒት ፎይል ጥግ፣ በወረቀት ይጠቅልሉ።

4. አየሩን በመዳፍ ያስወጡ። ከዚያ ዚፑን ከአንዱ ጫፍ ጀምረው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠው እስከ ሌላው ጫፍ ይሂዱ፤ ከዚያ ወደኋላ ተመልሰው ይድገሙት።

5. ማንሸራተቻ ካለው እስከ መጨረሻው ይግፉት፤ ቀጭ ሲል ይሰማል ወይም ጣት ላይ ይታወቃል። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ዚፑ የተዘጋ ይመስላል፣ ቁልፉ ግን አልያዘም። በዚህ ሥራ ከሚደርሱት ስህተቶች የሚበዛው ይኸው ነው።

6. ሳይጭኑ ወደኋላ ለመግፋት ይሞክሩ። ከረጢቱን ገልብጠው ቀስ ብለው ይነቅንቁት። ይህን ከዘጉ ቁጥር ያድርጉት፤ ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ምን ይበላሻል?

ዱቄት ወይም ቅባት ቦዩ ውስጥ ሲገባ ወንዴው ግማሽ መንገድ ይቀራል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት፣ ቅባቱን በትንሽ ሳሙናና ውኃ እርጥብ ባደረጉት ጨርቅ ይወልውሉት፣ ሳይደርቅ አይዝጉት። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ወይም በቢላ ጫፍ መቆርቆር ሴቴውን ይሰነጥቀዋል።

ሙቀት ፖሊኢትሊንን ያለሰልሳል። በፀሐይ ላይ ቆሞ የጋለ መኪና ውስጥ ወይም ከምድጃ አጠገብ የቆየ ከረጢት ዚፑ ይጣመማል፤ ከቀዘቀዘ በኋላም ወደ ቅርጹ አይመለስም። ከባድ ቅዝቃዜ ደግሞ ያደርቀዋል፤ ያኔ ቁልፉ ሳይገባ የገባ ይመስላል።

ዚፑ ሲያስቸግር ከታች በመቀስ የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ከረጢቱ ተራ ነው፤ ይዘቱ ሳይውል ሳያድር ወደ ሌላ የሚቆለፍ ከረጢት ከነመለያ ጽሑፉ ይዛወር። ማጣበቂያ ፕላስተር አይተካውም፤ ልጆች ፕላስተር መላጥ ይወዳሉ። ነጭ መስመር የታየበትን ዚፕ፣ ጥጉ የተላጠ ብየዳና የተነከሰ ጠርዝ ያለውን ከረጢትም ሳይጠግኑ ይጣሉት። ሲጥሉት ባዶ ይሁን፣ ይቋጠር፤ ትልቅ ባዶ ከረጢት ራሱ ለሕፃን የመታፈን አደጋ ነው።

የት ይቀመጥ?

የተቆለፈው ከረጢት ከልጁ ዓይንም ከእጁም በላይ፣ የሚቻል ከሆነ በሚቆለፍ ቁም ሣጥን ይቀመጥ። ወንበር ገፍቶ መውጣት የጀመረ ልጅ ካለ ከፍታ ብቻውን ዋጋ የለውም። ከረጢቱን በልጁ ፊት አይክፈቱ፤ የፈተናው ሕግ አዋቂው ከፍቶ እንዲያሳይ የሚያደርገው ማየት በራሱ ትምህርት ስለሆነ ነው። በሥራ መሐል «አሁን እመለሳለሁ» ብሎ ክፍቱን መተውም መዝጊያውን ጨርሶ እንዳልነበረ ያደርገዋል። ስልክ ከጠራ መጀመሪያ ይቆልፉ።

ልጁ ከፍቶ ከተገኘ በአፉ የቀረውን በጣት ጠርገው ያውጡ፤ እንዲያስመልስ አያስገድዱ፤ የሚያቃጥል ፈሳሽ ሲመለስ ጉሮሮን ሁለተኛ ጊዜ ያቃጥላል፣ አረፋ የሚያወጣውም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ዓይኑን ከነካው ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ሳያቋርጡ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጠቡት። ወዲያው ለድንገተኛ ሕክምና ወይም ለመርዝ መረጃ ማዕከል ይደውሉ፤ ከረጢቱንና መለያ ጽሑፉን ይዘው ይሂዱ።