አዳማ ላይ የቤት ጽዳት ቀናችሁን እንዳይጨርሰው

አዳማ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ ጠዋት ወልውላችሁ የወጣችሁትን ቤት ማታ ስትመለሱ ቲቪ ስታንዱ ላይ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል። ነፋሱ እኮ ሌላ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የቆሙት ተርባይኖች በከንቱ አልተተከሉም፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ያለቀው የመጀመሪያው ዙር ብቻ 34 ተርባይን ነው፣ 51 ሜጋ ዋት፣ ከዛ በ2015 ሌላ 153 ሜጋ ዋት ተጨመረበት። ለመብራት ጥሩ የሆነው ነፋስ በጋ ላይ ለኛ ቤት አቧራ ተሸክሞ ነው ሚመጣው።

እኔ ፍራንኮ አካባቢ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው ምንኖረው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሥራ ውዬ ነው ምገባው፣ የቤት ሠራተኛ የለኝም። ለረጅም ጊዜ ቅዳሜ ሚባል ቀን አልነበረኝም፣ ከጠዋት 1 ሰዓት ጀምሬ ከሰዓት 8 ሰዓት ድረስ ጽዳት ላይ ነበርኩ። አሁን ያንኑ ቤት ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ እጨርሰዋለሁ፣ ቤቱም ከድሮው ይሻላል። የገባኝ ነገር ቢኖር ጊዜውን የሚበላው አንዴ ያጸዳነውን መልሰን ማጽዳታችን ነው፣ ሁሉም ከዚህ በታች ምነግራችሁ ነገር ድጋሚ ሥራን ለመቀነስ ነው።

በፊት እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ። መጀመሪያ ወለሉን ጠርጌ እወለውላለሁ፣ ከዛ ቡፌውንና ቲቪውን በደረቅ ጨርቅ አራግፋለሁ፣ ከዛ አልጋ አነጥፋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ምንጣፉን አውጥቼ በሩ ላይ አራግፋለሁ፣ ሁሉንም ስጨርስ ወለሉ መልሶ አቧራ ለብሷል። ስለዚህ እንደገና መወልወል። ያኔ እኔ ነኝ ቀርፋፋዋ ብዬ ነበር ማስበው፣ ለካ ሥራውን ገልብጬ ነው የያዝኩት።

በሩ ላይ ጀምሩ

አቧራው በሁለት መንገድ ነው ሚገባው፣ በጫማና በክፍተት። ጫማውን በተመለከተ ቤተሰቡን ውጪ አውልቁ ማለት ቀላል ነው፣ በሩ ጎን የጫማ መደርደሪያ ካለ ልጆች በሳምንት ይለምዱታል። እንግዳን ግን ጫማህን አውልቅ ማለት ይከብዳል፣ እኔም አልችልም፣ ስለዚህ ሁለት ነገር ነው ያነጠፍኩት፣ ከደጃፉ ውጪ ሻካራ የጫማ መጥረጊያ፣ ከገባ በኋላ ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ ጆንያ አርጥቤ በደንብ ጨምቄ። እርጥቡ ጆንያ ደረቁ መጥረጊያ ያልያዘውን ደቃቁን አቧራ ይይዘዋል። ማታ ላይ አንዴ ታጥቦ ይሰጣል፣ በቃ። በዚህ ብቻ የሳሎን ውልወላዬ በሳምንት ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ወርዷል፣ እውነቴን ነው።

ክፍተቱን ደግሞ ማታ መብራት አጥፍታችሁ የበሩን ሥር እዩት፣ የውጪ መብራት ገብቶ ካያችሁ አቧራም በዛው ነው ሚገባው። አሮጌ ፎጣ ጠቅልሎ መስፋትና እዛ መወተፍ ነው። የመስኮት ፍሬም ላይ ቀጭን ስፖንጅ ለጥፉበት። ተንሸራታች መስኮት ያላችሁ ሰዎች ሐዲዱ ውስጥ የሚጠራቀመውን በጨርቅ አትታገሉት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በደረቁ አስገብታችሁ ጥረጉትና ከዛ ነው እርጥብ ጨርቅ። መጀመሪያ ካረጠባችሁት ጭቃ ሆኖ ጥጉ ላይ ይጋገራል።

ሌላው ደግሞ ነፋሱ እናንተ ሰፈር ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ አንድ ሳምንት አስተውሉ። እኛ ግቢ ከሰዓት በኋላ ነው ሚብሰው፣ ስለዚህ መስኮት የምከፍተው በጠዋት ነው፣ አናፍሼ፣ አጽድቼ፣ ነፋሱ ሳይነሳ እዘጋለሁ። ነፋስ እየነፈሰ መስኮት ከፍቶ ማጽዳት ሁለት ጊዜ መልፋት ነው።

አቧራን ማባረር ሳይሆን መያዝ

ግቢያችን ውስጥ አንድ እማማ አሉ። አንድ ቀን ጠዋት በረንዳውን ስጠርግ አቧራው ፀሐይዋ ውስጥ እንደ ጭስ እየተነሳ ነው፣ ቁጭ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ አቧራውን እኮ ከቦታ ቦታ እያዛወርሽው ነው» አሉኝ። ተነሱና ባልዲው ውስጥ እጃቸውን ነክረው ወለሉ ላይ ረጨት ረጨት አደረጉበት፣ ብዙ አይደለም፣ ጭቃ ማይሆንበት ያህል። «በይ አሁን ጥረጊ።» ጠረግኩት፣ አቧራው እየተንከባለለ ሄደ እንጂ አንድም ሽቅብ አልተነሳም። ሴራሚክ ላይ ግን ውሃ መርጨት አይመችም፣ መስመር መስመር ሠርቶ ይቀራል፣ እዛ ላይ መጥረጊያው ላይ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ግፉት። ለሊሾና ለበረንዳ የእማማ ዘዴ ነው።

ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደታች፣ ከውስጥ ወደ በር ነው። አልጋ መጀመሪያ ይነጠፋል፣ አንሶላ ሲራገፍ የሚወጣው ብናኝ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከዛ የኮርኒስ ጥግ፣ መስኮት፣ ቡፌ፣ ሶፋ፣ ወለል መጨረሻ። ምንጣፍ ከቤቱ በር ራቅ አድርጋችሁ፣ ነፋሱ ወደ ቤት በማይመልስበት በኩል አራግፉት፣ እሱም ወለል ከመነካቱ በፊት።

የማጽጃ ጨርቅ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ማይሠራው ነገር ስለሆነ። ያረጀ የጥጥ ቲሸርት ከፋፍላችሁ ቁረጡ፣ ከተገዛው የማያንስ ነው። አርጥቡትና እስከመጨረሻው ጭመቁት፣ ውሃ ሚንጠባጠብ ጨርቅ አቧራውን ያጨቀየዋል እንጂ አያነሳውም። ከዛ ሁለቴ እጠፉት። ሁለቴ የታጠፈ ጨርቅ 8 ንጹሕ ገጽ አለው፣ አንዱ ሲቆሽሽ ትገለብጣላችሁ፣ ቀጥሎ ትከፍታላችሁ፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው ታጥፋላችሁ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ያለ ማጠብ ይወጣል። እኔ በፊት ጨርቅ ተጨማድዶ እንደ ኳስ ይዤ ነበር ማጸዳው፣ በሁለት ደቂቃ ሁሉም ጎኑ ይቆሽሻል፣ ወደ ባልዲው ስመላለስ ነበር ግማሹ ሰዓት የሚያልቀው። ለመስታወትና ለቲቪ ብቻ ሌላ ደረቅ ጨርቅ ከኋላ አስከትሉ።

ዕቃ የበዛበት ቦታ ጊዜ ይበላል፣ ይሄ የታወቀ ነው። ቡፌ ላይ የተደረደሩ ብርጭቆዎችን በር ያለው ውስጥ አስገቧቸው። የላስቲክ አበባ ያለው ሰው ቅጠል በቅጠል አይጥረግ፣ ሳፋ ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ገልብጦ ነከር ነከር አድርጎ ማንጠባጠብ ነው፣ ሦስት ደቂቃ።

ውሃ

ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፣ የናንተም እንደዛ ከሆነ የልብስ እጥበትንና የቤት ጽዳትን አንድ ቀን አድርጓቸው። የልብስ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል፣ እሱ ለወለል ይሆናል፣ ወለል የተወለወለበት ደግሞ ለሽንት ቤት። በርሜል ቀድቶ መመላለስ ይቀራል። ማለቅለቂያው ውስጥ ትንሽ ሳሙና ስላለ ሌላ አትጨምሩበት፣ ኦሞ በጭብጥ የሚበትን ሰው አውቃለሁ፣ የሳሙናው ቅሪት ወለሉ ላይ ተለጥፎ ይቀርና የሚቀጥለውን አቧራ እሱ ራሱ ይስበዋል፣ እግር ሲረግጠውም ያዝ ያዝ ያደርጋል። ወለላችሁ ተወልውሎ በማግስቱ ጥቁር ሚል ከሆነ ምናልባት ሳሙና አብዝታችሁ ነው።

ጓዳ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ጊዜ ማትረፍ ሚቻለው። ሽሮ ወይም ገንፎ የተሠራበት ድስት እንደተገለበጠ ወዲያው ውሃ አስገብታችሁ ክደኑት፣ ሌላ ምንም አታድርጉ፣ በልታችሁ ስትመለሱ በስፖንጅ ይለቃል። የደረቀን ድስት መፈግፈግ ክንድ ይጨርሳል። የሊጥ ዕቃን ግን በሙቅ ውሃ እንዳትነኩት፣ ሙቀቱ ዱቄቱን ያበስለውና እንደ ኮላ ይጣበቃል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉትና በእጅ ይወጣል፣ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ከዛ በኋላ።

ካረረስ? ያረረበት ቦታ እስኪሸፈን ውሃ አድርጉ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 10 ደቂቃ አፍሉት፣ አውርዳችሁ እስኪቀዘቅዝ ተዉት፣ በእንጨት ማንኪያ ሲነካ ይነሳል። አሉሚኒየም ድስት ላይ ግን ሶዳ አትጠቀሙ፣ ያጠቁረዋል፣ እሱን ሎሚ ጨምቃችሁበት ነው ምታፈሉት። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገርም በሎሚ ወይም በአቼቶ ነው ሚለቀው፣ አፍልታችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉትና አለቅልቁ፣ በሽቦ መፋቅ አያስፈልግም። ጀበናን በሳሙና አትጠቡ፣ ሸክላ ስለሆነ ይጠጣዋል፣ ቡናው ላይ ይመጣባችኋል፣ ሙቅ ውሃ አስገብቶ ማንቀጭቀጭ በቂ ነው።

ቁሌት ሲፈናጠር ግድግዳው ገና ሞቅ እንዳለ ጥረጉት፣ ዘይትና በርበሬው አንድ ሌሊት ካደረ ሥራ ነው። ነጭ ልብስ ላይ የእርድ ነጠብጣብ ከቀረ አትሹት፣ አጥባችሁ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ስጡት፣ እርድ ፀሐይ ላይ ይለቃል፣ ፀሐይ ደግሞ አዳማ ላይ መች ጠፍቶ። የቡና ቄጠማንም ሳይደርቅ በዛው ቀን አንሱት፣ ከደረቀ ተሰባብሮ ሶፋ ሥር ድረስ ይገባል፣ የከሰል አመድን ደግሞ ከማንሳታችሁ በፊት ጠብታ ውሃ።

ማታ ሲንኩ ባዶ ሆኖ ይደር። ይሄ አስር ደቂቃ ነው፣ ጠዋት ግን ግማሽ ሰዓት ያድናል፣ ሙቀት ባለበት ከተማ በረሮም አይጠራም።

በረኪናና ሽንት ቤት

ይሄን በደንብ አንብቡልኝ። አንድ ቅዳሜ ሥራው እንዲፈጥን ብዬ ሽንት ቤቱ ላይ በረኪና አፈሰስኩ፣ ላዩ ላይ የሽንት ቤት አሲድ ጨመርኩበት፣ ሁለቱ ሲደመሩ ይበረታሉ ብዬ ነው። ወዲያው የሚቆጠቁጥ ሽታ ተነሳ፣ ዓይኔ አነባ፣ ጉሮሮዬ ተያዘ፣ በሩ ላይ የቆመችውን ልጄን አንስቼ ወደ ግቢው ሮጥኩ። ማታ ድረስ ሳስል ነበር። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ነው ሚወጣው፣ ከአቼቶና ከሎሚም ጋር እንደዛው፣ አሞኒያ ካለው የመስታወት ማጽጃ ጋር ደግሞ ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይሠራል። ስለዚህ በረኪና ብቻውን፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ መስኮት ተከፍቶ።

ደግሞ በረኪና ሚሠራው በጊዜ ነው፣ በጉልበት አይደለም። አፍስሳችሁ 10 ደቂቃ ተዉትና ሂዱ አልጋ አንጥፉ፣ ስትመለሱ ትንሽ መቦረሽ ብቻ ይበቃዋል። ዕቃውን ፀሐይና ሙቀት ማያገኘው ቦታ አስቀምጡት፣ አለዚያ ኃይሉን ያጣል፣ የተበጠበጠውን ደግሞ ለነገ አታቆዩት። ልጆች እጅ ማይደርስበት ላይ፣ በራሱ ጠርሙስ፣ በውሃ ኃይላንድ ገልብጣችሁ በፍጹም እንዳታስቀምጡ።

ሥራውን ብቻችሁን አትያዙት። ባለቤቴ ሽንት ቤቱንና ቆሻሻ ማውጣቱን ወስዷል፣ ትልቁ ልጄ ጫማ መደርደሪያውንና ጆንያውን፣ ትንሿም ካልሲ ታጣምራለች። እኔን ለመርዳት ተብሎ ሳይሆን የየራሳቸው ሥራ ተብሎ ሲሰጣቸው ነው ሳይነገራቸው ሚሠሩት።

መጋረጃ ይቀረኛል። እጠቡና በደንብ ጨምቃችሁ ሳይደርቅ እዛው ብረቱ ላይ መልሱት፣ ጫፉን ወደታች ጎተት ጎተት አድርጉት፣ ክብደቱ ራሱ ይተኩሰዋል፣ ካውያ የለም፣ ገመድ ላይ ሲውለበለብ አቧራ መልበስ የለም። መስኮቱን ግን እስኪደርቅ አትክፈቱ፣ እርጥብ መጋረጃ ላይ አቧራ ካረፈ ጭቃ ሆኖ ይቀርና ያው ወደ ሳፋው መመለሱ ነው።