ግማሹ ቤት መብራት ሲያጣ

ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልም ሻማ ለኩሶ ከመጠበቅ በቀር የሚደረግ ነገር የለም። የሚያስቸግረው ሳሎኑ ቦግ ብሎ ወጥ ቤቱ ሲጨልም፣ ወይም አምፖሉ እየበራ ሶኬቱ ሲሞት ነው። በኮልፌና በጉለሌ አሮጌ ቤቶች የኤሌክትሪክ ጥገና እሠራለሁ፤ ከሚደርሱኝ ጥሪዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። እኔ እስክደርስ ደግሞ ቤተሰቡ ብሬከሩን ደጋግሞ ሲያነሳና ሲያወርድ ይቆያል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስባችሁ በዓይናችሁ ሥሩ። የጠፋው ከየት እስከ የት እንደሆነ ለይታችሁ ካወቃችሁ ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አይቀራችሁም።

ከሁሉ አስቀድማችሁ አንድ ምልክት ፈልጉ። የአንዱ ክፍል አምፖል ከወትሮው አብልጦ ሲያበራ የሌላው ከደበዘዘ፣ ምንም ሳትመረምሩ ዋናውን ማጥፊያ አውርዱ። ይህ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ባለበት፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሦስት ሽቦዎች (ፌዞች) በሚገባበት ቤት፣ የጋራ መመለሻ የሆነው ሽቦ፣ ኒውትራሉ፣ ሲላላ ወይም ሲበጠስ የሚመጣ ነው። በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል ያለው 220 ቮልት ሲሆን በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380 ቮልት ነው። ኒውትራሉ ከሌለ በተለያየ ፌዝ ላይ የተሰኩ ዕቃዎች ያንን 380 ቮልት ይካፈሉታል፤ ክፍፍሉም እኩል አይደለም። በአንዱ ፌዝ ላይ ምጣድ፣ በሌላው ላይ ቴሌቪዥን ቢኖር ቮልቱ በአብዛኛው ቴሌቪዥኑ ላይ ያርፋል፤ በአፍታ ውስጥም ይቃጠላል። ባለ አንድ ፌዝ ቤትም ቢሆን በመንገድ ላይ ያለው ኒውትራል ከተበጠሰ ከዚህ አያመልጥም።

ይህ ምልክት ከሌለ ወደ ደጅ ውጡና ጎረቤት ጠይቁ። ከአጠገባችሁ ያለው ቤት በርቶ የእናንተ መጥፋቱ ብቻውን ችግሩ ከግቢያችሁ ነው አያሰኝም፤ ቤቶች በሦስቱ ፌዞች ተከፋፍለው ስለሚገናኙ አንዱ ፌዝ ሲቋረጥ አንዱ ቤት ጠፍቶ ሌላው ይበራል። በሰፈሩ ውስጥ ብዙ ቤት እኩል ከደበዘዘ ደግሞ በትራንስፎርመሩ የከፍተኛ ቮልቴጅ በኩል ካሉት ፊውዞች አንዱ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ፌዞች ወደ ግማሽ ቮልት ይወርዳሉ። ፍሪጁን ወዲያውኑ ንቀሉ፤ ሞተሩ ለመነሳት አቅም አጥቶ ሲያጓራ በውስጡ የተጠቀለለው ሽቦ ይግላል።

ጎረቤት ሰላም ከሆነ የብሬከር ሳጥኑን ክፈቱ። የወደቀ ብሬከር አንዳንድ ጊዜ መሐል ላይ ቆሞ የበራ ይመስላል፤ እስከ ታች ካላወረዳችሁት ወደ ላይ አይዝም። ከማንሳታችሁ በፊት በጠፋው መስመር ላይ ያለውን ዕቃ በሙሉ ንቀሉ። ባዶውን ከያዘ አንድ በአንድ እየሰካችሁ ጥፋተኛውን ታገኛላችሁ፤ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው የውኃ ማሞቂያውንና ገመዱ የተጣመመውን ካውያ ነው። ሁሉም ተነቅሎ እንኳ ወዲያው ከወደቀ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። ያንን መስመር አውርዳችሁ ተዉትና ባለሙያ ጥሩ። አልይዝ ያለውን የ16 አምፔር ብሬከር በ32 መቀየር፣ ወይም በአሮጌው የሸክላ ፊውዝ ላይ ወፍራም የመዳብ ሽቦ መጠምጠም ቤት ማቃጠል ነው። ይህን ሳይ እናደዳለሁ፤ ሠርቶ የሚሄደው ሰው ገንዘቡን ተቀብሏል፣ ልጆች የሚተኙት ግን እዚያ ቤት ነው።

ብሬከሩ ሳይወድቅ የጠፋ መስመር ዋነኛ ምክንያቱ የላላ ግንኙነት ነው። ሶኬቶች ብዙውን ጊዜ አንዱ ከሌላው እየተቀጣጠሉ ስለሚሄዱ የመጨረሻውን የሚሠራና የመጀመሪያውን የሞተ ሶኬት ለዩ፤ ብልሽቱ ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ወይም በመካከላቸው ባለው ሳጥን ውስጥ ነው። ጉለሌ አንዲት እናት ቤት፣ «ልጄ፣ ብሬከሩ አልወደቀም፤ ታዲያ ምን ነካው?» አሉኝ። መስመሩን አውርጄ የምጣዱን ሶኬት በካቻቢቴ ስፈታው ነጩ ፕላስቲክ በአንድ በኩል ቡናማ ሆኗል፤ የሽቦው ልባስ ደርቆ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ ብሎኑ ደግሞ በጥፍር ይዞራል። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚወስድ ከ14 እስከ 18 አምፔር በዚያች ብሎን ያልፋል። ትንሽ ከላላች ትግላለች፣ ስትግል የበለጠ ትላላለች። የተቃጠለውን ሽቦ እስከ ጤነኛው መዳብ ድረስ ቆርጬ ሶኬቱን ለወጥሁት። ናስትሮ ጠቅልሎ መመለስ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። ምጣድ የራሱ መስመር ቢኖረው፣ ሽቦውም 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን እመክራለሁ።

በካቻቢቴ መልክ የተሠራው ቴስተር በሶኬቱ በሁለቱም ቀዳዳ ከበራ «ፌዝ በዝቷል» ብላችሁ አትደናገሩ። በመስመሩ ያለውን ዕቃ ሁሉ ንቀሉ፣ አምፖሎቹንም አጥፉና እንደገና ሞክሩ። አንዱ ቀዳዳ መብራቱን ካቆመ የተቋረጠው ኒውትራሉ ነው፤ የሁለተኛው ብርሃን በተሰካው ዕቃ ውስጥ አልፎ የተመለሰ ፌዝ ነበር። እንዲህ ያለ መስመር ዕቃ ባያሠራም ሰው ይገድላል። ቴስተሩ አለመብራቱም ሽቦው ለመነካት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ አስቀድማችሁ በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሩት።

መብራት ካለበት ሌላ ክፍል ሁለቱም ጫፉ የሚሰካ ገመድ ስባችሁ የሞተውን ሶኬት ለማብራት አትሞክሩ። የጠፋው ፌዝ ሲመለስ ሁለት ፌዞች ፊት ለፊት ይጋጠማሉ፤ የተነቀለው ጫፍ ባዶ ብረትም እጃችሁ ላይ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቀራል።

መብራቱ ነፋስ ሲነሳ የሚርገበገብ፣ ወይም ችግሩ ከመጀመሪያው የክረምት ዝናብ በኋላ የጀመረ ከሆነ ማታ ከሩቅ ወደ ምሰሶውና ወደ ጣሪያው ጫፍ ተመልከቱ። ከምሰሶ የሚመጣው አሉሚኒየም ከቤቱ መዳብ ጋር የተቋጠረበት ቦታ እርጥበት ሲያገኘው ይበላል፣ ብልጭታም ይታያል። እዚያ መሰላል አይወጣም። ከቆጣሪው እስከ ዋናው ማጥፊያ ያለው ሽቦም ዋናው ቢወርድ እንኳ ኤሌክትሪክ አለው፤ የቆጣሪውንም ማኅተም አትንኩ። ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል በ905 ስትደውሉ «መብራት ጠፋ» ብቻ አትበሉ። ግማሹ መጥፋቱን፣ መደብዘዝ ካለም መደብዘዙን፣ ጎረቤት ምን እንደሆነ፣ ምሰሶው ላይ ብልጭታ አይታችሁ እንደሆነ ንገሯቸው፤ የቆጣሪ ቁጥራችሁንም አዘጋጁ። ጠግነው ሲጨርሱ ከመሄዳቸው በፊት በየፌዙ ያለውን ቮልት እንዲለኩላችሁ ጠይቁ። 220 አካባቢ መሆኑን አይታችሁ ዋናውን አንሱ፤ ቀድሞ አምፖሎቹ፣ ቀጥሎ ፍሪጁ፣ ምጣዱ በመጨረሻ።