ስቲንግሬይንና የበረሃ ጽጌረዳን እንዴት እናወዳድር?

አንዱ ዓሣ፣ ሌላው አበባ። "ምን አገናኛቸው?" ካላችሁ፣ ፒተር ፎርስኮል የሚባል፣ የስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ የሊኒየስ ተማሪ አገናኝቷቸዋል። ሰውዬው ቀይ ባሕር አካባቢ እንስሳም ዕፅም ሲሰበስብ ቆይቶ በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፤ የሁለቱም ገለጻ ከሞተ በኋላ በ1775 ታተመለት (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

መጀመሪያ ዝርያውን ለዩ። ሬይ (ስቲንግሬይ የሚገኝበት የዓሣ ወገን) ብቻ ብላችሁ አትጀምሩ፣ ከ600 በላይ ዝርያ አለ። እኔ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለውን ታኒዩራ ሊማን ወስጃለሁ። ከአበባው ወገን አዴኒየም ኦቤሱም፣ ያ ግንዱ ያበጠው።

ቀጥሎ አካልን ከአካል ማመሳሰል ተዉ። "ክንፉ እንደ ቅጠል ነው" ማለት ያምራል እንጂ የትም አያደርስም። ይልቅ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ፣ አንዱን ለዓሣው ሌላውን ለአበባው አስምሩና ከሁለቱ በስተግራ ጥያቄ ጻፉ፦ ምን ቸገረው? እንዴት ተወጣው?

ለምሳሌ ሬዩ አሸዋ ላይ ይተኛል፣ አፉ ደግሞ ከሥር ነው። በአፉ ውኃ ቢስብ አሸዋ ይግጣል። ስለዚህ ከዓይኖቹ ኋላ ባሉት ቀዳዳዎች ስቦ፣ ከሆዱ በኩል ባለው ስንጥቅ ያስወጣል። አበባው ደግሞ የቸገረው ድርቅ ነው፤ ውኃውን ግንዱ ውስጥ ያጠራቅማል፣ ሲብስበት ቅጠሉን ያራግፋል፣ አንዳንዴም ቅጠል ሳይኖረው ቁጭ ብሎ ያብባል።

መከላከያ የሚለው ረድፍ ላይ ተጠንቀቁ። እኔ መጀመሪያ "ሁለቱም መርዝ አላቸው" ብዬ ጽፌ አለፍኩ፤ ወግቶ ለሚያስገባውም ሲበላ ለሚጎዳውም ቃላችን አንድ ስለሆነ ነው የሸወደኝ። ሬዩ ጭራው ላይ ባለው እሾህ ወግቶ ያስገባል። አበባው ግን ማንንም አይወጋም፣ የበላው ነው የሚጎዳው፤ ጭማቂው የልብ ምት ያዛባል። የሚገርመው፣ አዳኞች ይህንኑ ጭማቂ ፍላጻ ጫፍ ላይ ይቀቡት ነበር። እሾህ ላልነበረው ተክል ሰው እሾህ ሠራለት ማለት ነው። ስለዚህ "መርዝ አለው ወይ?" ሳይሆን "መርዙን ማን ያደርሰዋል?" ብላችሁ ጻፉ።

መራባት ላይ ብዙ አትቆዩ። ሬዩ በአንዴ እስከ 7 ግልገል ይወልዳል፤ አበባው ሁለቱም ጫፋቸው ላይ ጸጉር ያላቸውን ዘሮች ለነፋስ ይሰጣል።

ደግሞ ሁሉም ሳጥን ካልሞላ ብላችሁ አትጨነቁ። "የአበባ ዱቄቱን ማን ያደርሳል?" የሚለው ላይ ለዓሣው ሰረዝ አድርጉና እለፉ።