ትንሽ ውሻ ጥፍሩን አላስቆርጥም ሲል፦ ችግሩና መፍትሔው

ውሻ ጥፍሩ ሲቆረጥ ከተቆጣ ባለቤቱ «ጠባዩ ነው» ይላል። እኔ ግን ከጠባዩ በፊት የምጠረጥረው መቁረጫውንና መቁረጫውን የያዘውን እጅ ነው።

እግሩን ይነጥቃል፣ ያጉረመርማል፣ ሊነክስ ይሞክራል

ምክንያት፦ ብዙ ጊዜ ሕመም ነው፤ አለዚያም የቀድሞ ሕመም ትዝታ። የዶለዶመ መቁረጫ ጥፍሩን ከመቁረጡ በፊት ይጨፈልቀዋል፤ ደም ባይወጣ እንኳ ያማል። ብዙዎች ልብ የማይሉት ደግሞ አያያዙን ነው። ውሻው ትንሽ ስለሆነ ጭናችን ላይ እናስቀምጠውና እግሩን ወደ ጎን እንጎትታለን። የውሻ እግር በዋናነት ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስ እንጂ እንደ ሰው ክንድ ወደ ጎን የሚዘረጋ አይደለም።

መፍትሔ፦ ለውሻ የተሠራና ስለቱ ያልደነዘ መቁረጫ ይያዙ። እግሩን ከሆዱ ሥር ሳያርቁ፣ የፈረስ ኮቴ እንደሚመለከት ሰው ወደ ኋላ አጥፈው ያንሡት። ፍርሃቱ ሥር ከሰደደ ለጥቂት ቀናት ምንም አይቁረጡ፤ መዳፉን ዳሰስ አድርጎ የሚወደውን ማጉረስ፣ ቀጥሎ መቁረጫውን ጥፍሩ ላይ አስነክቶ ማጉረስ፣ ከዚያ በቀን አንድ ጥፍር ብቻ። የአብዛኛው ውሻ ጥፍር 18 ስለሆነ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ሲያጉረመርም አይቆጡት። ማጉረምረም የተከለከለ ውሻ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል።

ጥፍሩ ጥቁር ነው፤ የት ላይ እንደሚቆም አይታወቅም

ምክንያት፦ በጥፍሩ ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሥጋ አለ። በነጭ ጥፍር ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ ጥቁሩ ግን ይሸፍነዋል።

መፍትሔ፦ ከጫፉ 1 ሚሊ ሜትር ያህል እየቀነሱ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ የተቆረጠውን ገጽ ይመልከቱ። መጀመሪያ ደረቅና እንደ ጠመኔ ነጣ ያለ ነው። መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ፣ እርጥብ የሚመስል ነጥብ ብቅ ሲል ያቁሙ። «አንድ ጊዜ ብቻ ልጨምር» የምንላት ቁራጭ ናት የምታደማው።

ደማ

ደም ማቆሚያ ዱቄት፣ ከሌለ የበቆሎ ስታርች ጫፉ ላይ ጫን አድርገው ለጥቂት ደቂቃዎች ይያዙ። ቆመ አልቆመ እያሉ በየአፍታው ማንሣት የረጋውን ደም መልሶ ይከፍተዋል። ከ20 ደቂቃ በኋላም ካልቆመ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ቢቆምም የቀሩትን ጥፍሮች ለሌላ ቀን ይተዉአቸው።

ተቆርጦም ሲሄድ ወለሉን ያንኳኳል

ምክንያት፦ ጥፍር ሳይቆረጥ ሲከርም ውስጡ ያለው ሥጋም አብሮት ይረዝማል። ስለዚህ ጥፍሩ ገና ረጅም ሳለ መድማት ይጀምራል።

መፍትሔ፦ በአንድ ቀን አያጥርም፤ በየሳምንቱ ጫፉን ብቻ ሲነኩት ሥጋው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ለዚህ ሥራ የኤሌክትሪክ ሞረድ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ስለሚያግል በአንድ ቦታ ከሁለት ሰከንድ በላይ አያቆዩት፤ የእግሩን ረጅም ጸጉርም ሞረዱ እንዳይጠቀልለው ወደ ኋላ ይያዙት።

ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ያለው ጥፍር ቆዳውን ወግቷል

በእግሩ የውስጥ ጎን ያለው፣ አውራ ጣት የሚመስለው ጥፍር መሬት ስለማይነካ በመራመድ ተፍቆ አያጥርም፤ ዞሮ ወደ ሥጋ ይገባል። በጸጉር ስለሚሸፈን በእጅ እየዳሰሱ ይፈልጉት። ቆዳውን በስቶ ከገባ ግን ነቅሎ ማውጣቱ የሐኪም ሥራ ነው።

ጥፍሩ ይሰነጠቃል

አንድ ጥፍር ብቻ ከሆነ የዶለዶመው መቁረጫ ወይም አንዳች ግጭት ይሆናል፤ ሻካራውን በሞረድ ያለስልሱት። በተለያዩ እግሮች ላይ ያሉ ጥፍሮች እየተሰነጠቁና እየተነቀሉ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከመቁረጥ አልፏል። የጥፍር በሽታ ሊሆን ስለሚችል መቁረጫውን አስቀምጠው ሐኪም ያሳዩት።