ፓኬጁ ከወሩ ቀድሞ እንዳያልቅ

የምኖረው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤታችን ኢንተርኔት የሚገባው ሲም በሚወስድ ራውተር ነው። በጊጋ ይገዛል፣ በ30 ቀን ያበቃል፣ አምስት ሰው ይጠቀምበታል። ሥራዬ ሂሳብ ስለሆነ የማይመዘገብ ወጪ ያስጨንቀኛል። ዳታውንም እመዘግባለሁ፤ ልምዱ ከያዛችሁ በቀን ሁለት ደቂቃ ነው።

መጀመሪያ መስመራችሁ ገደብ እንዳለው አረጋግጡ። በሽቦ የሚገባው ብሮድባንድ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በፍጥነት ስለሆነ ጊጋ መቁጠር ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የሲም ራውተር ከሆነ ግን ውሉን አንብቡ። «ያልተገደበ» ተብሎም የተወሰነ ጊጋ ካለፈ በኋላ ፍጥነቱ የሚወርድ አለ።

ቀጥሎ ቀኑን ያዙ። የ30 ቀን ፓኬጅ ለእኛ አቆጣጠር በጣም ይመቻል። ጥቅምት 7 የተገዛ ኅዳር 7 ያበቃል፣ ኅዳር 7 የተገዛ ታኅሣሥ 7። የምታዛባው ጳጉሜን ብቻ ናት፤ 5 ቀን በምትሆንበት ዓመት ነሐሴ 20 የተገዛው መስከረም 15 ላይ ያልቃል። ራውተሩ የሄደውን ጊጋ የሚቆጥርበት ቆጣሪ አለው፤ እሱ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ነው። ፓኬጁ የሚጀምርበትን ቀን ብትሞሉለትም 31 ቀን ባለው ወር ከፓኬጁ ጋር አንድ ቀን ይለያያል። ስለዚህ አዲስ ፓኬጅ በገዛሁ ቁጥር ቆጣሪውን በእጄ ዜሮ አደርገዋለሁ።

ቆጣሪው የት ነው? ራውተሩን ገልብጡት። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አድራሻ አለ፤ በብዛት 192.168.8.1 ወይም 192.168.1.1 ነው። ከዋይፋዩ ጋር በተገናኘ ስልክ ብራውዘር ላይ ጻፉትና ግቡ። «ስታቲስቲክስ» ወይም «ትራፊክ» የሚል ገጽ ታገኛላችሁ። የወረደው እና የተላከው ለየብቻ ተጽፎ ከሆነ ደምሩት። የምትልኩት ፎቶና ቪዲዮም ከፓኬጁ ይቆረጣል፤ ይሄን የሚዘነጋው ሰው ብዙ ነው።

አንድ ነገር ፈትሹ። አንዳንድ ራውተር መብራት ሲጠፋ የቆጠረውን ሁሉ ይረሳል። ቁጥሩን ጻፉ፣ ራውተሩን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፣ እንደገና እዩት። ዜሮ ከሆነ በእሱ አትመኩ፤ ቀሪውን ከአቅራቢው ጠይቁ። በኢትዮ ቴሌኮም ሲም *804# አለ፤ በ2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ የጀመረውን ሳፋሪኮምን የምትጠቀሙ ደግሞ በራሱ መንገድ ታያላችሁ። ቆጣሪው የሚይዝ ቢሆንም በሳምንት አንዴ ከአቅራቢው ቁጥር ጋር አስተያዩት። የሚቆርጠው አቅራቢው ነውና የሚጸናው የእሱ ነው። ትንሽ ልዩነት አያስደንግጣችሁ። አንዱ በ1000 ሌላው በ1024 እያባዛ ከቆጠረ ብቻ ጊጋው ላይ 7 በመቶ ገደማ ይለያያሉ። የሌሊት ጥቅል የምትገዙ ከሆነም ራውተሩ ሌሊቱን ከቀኑ አይለይም።

አሁን ወደ ደብተሩ። የእኛ ፍሪጅ በር ላይ በማግኔት ተይዟል። አራት መስመር አለው፦ ስንተኛ ቀን፣ እስካሁን የሄደው፣ መሄድ የነበረበት፣ ልዩነት። ጎን ላይ ለማስታወሻ ትንሽ ቦታ ትቻለሁ፤ ቅዳሜ ላይ «ኳስ» ተብሎ ይጻፋል። ሁሌ ማታ 3 ሰዓት ላይ እሞላዋለሁ። ሰዓቱ ከተለዋወጠ ቀን ከቀን ማወዳደር አይቻልም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፓኬጁ 150 ጊጋ ነው እንበል። ለ30 ሲካፈል በቀን 5 ነው። በ12ኛው ቀን መሄድ የነበረበት 60 ነው። 84 ሄዶ ከሆነ 24 ቀድማችኋል። የቀረው 66 ጊጋ ለ18 ቀን ነው፤ በቀን 3.7 እንኳ አይሞላም። ይሄን በ12ኛው ቀን ያወቀ ቤት ማስተካከል ይችላል። 80 በመቶ አልቋል የሚለውን መልእክት የሚጠብቅ ግን ጊዜው ያልፍበታል።

ቁጥሩ ሲዘል ማን በላው? እኔ የማምነው የሌሊቱን ፈተና ነው። ስትተኙ ቆጣሪውን ጻፉ፣ ጠዋት ማንም ስልክ ሳይነካ እንደገና ጻፉ። እኛ ቤት አንድ ሰሞን ሁሉም ተኝቶ ከ3 ጊጋ በላይ ይሄድ ነበር። ራውተሩ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ያሳያል፤ በየሌሊቱ አንድ አንዱን አጠፋን። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ የጠፋ ሌሊት ቁጥሩ ቆመ። «እኔ እኮ ተኝቼ ነበር!» አለኝ፣ እውነቱን ነው። ኤዲት የሚያደርጋቸውን ቪዲዮዎች ላፕቶፑ በራሱ ጎግል ድራይቭ ላይ ሲጭን ያድራል። ስድስት ኪሎ ወደ ዶርሙ ሲሄድ ብቻ እንዲጭን አደረግነው።

የቀኑን የሚበላው በአብዛኛው ቪዲዮ ነው። በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በሰዓት 900 ሜጋባይት ይወስዳል፤ 5 ሜጋቢት ከሆነ 2.25 ጊጋ። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ለ8 አካፍሉ፣ በ3600 ሰከንድ አባዙ። እማዬ ስብከት የምትሰማው በቴሌቪዥኑ ዩቲዩብ ነው። ጥራቱን ወደ 480 አወረድኩላት። የሰባኪው ፊት በደንብ ይታያል፣ ድምፁም አልተቀየረም፣ የእሷ እሑድ ግን ከደብተሩ ላይ ጉልህ ቁጥር መሆኑ ቀረ።

ቴሌግራም ላይ «ዳታና ማከማቻ» ውስጥ ግቡ። በዋይፋይ ስንት እንደተጠቀማችሁ ለብቻ ይነግራችኋል። እዚያው በዋይፋይ ቪዲዮ በራሱ እንዲወርድ የሚያደርገውን አጥፉ፤ በየግሩፑ የሚላከው ሁሉ መውረድ የለበትም። ዊንዶውስ ላይ ዋይፋዩን «ሚተርድ» (በልክ የሚቆጠር) አድርጉት፣ ትልልቅ አፕዴቶች ይቆያሉ። አይፎን በዋይፋይ የትኛው አፕ ስንት እንደበላ አያሳይም፤ ዋይፋዩ ስም አጠገብ ባለው ምልክት ገብታችሁ የዳታ ቁጠባውን አብሩለት።

እንግዳ ሲመጣ ዋይፋይ አልከለክልም። ራውተሩ የእንግዳ ዋይፋይ የሚፈቅድ ከሆነ ለብቻው ስምና ይለፍ ቃል ስጡት፣ ሲሄዱ አጥፉት። ለጎረቤት የተሰጠ ዋናው ይለፍ ቃል ግን በየጊዜው ይቀየር። የተገናኙት ዝርዝር ውስጥ የማታውቁት ስልክ ካያችሁ በዚያው ቀን ቀይሩት።