ስለ ምጽአት ሲወራ ድሬ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ የጌታ ዳግም ምጽአት የሚታሰብበት ደብረ ዘይት አለ። በዚያ ሰንበት ማቴዎስ 24 ይነበባል፤ ዲያቆኑ «እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ»፣ እግዚአብሔር በግልጥ ይመጣል፣ ብሎ ይሰብካል። ከቅዳሴ መልስ በድሬዳዋ ሰፈሮች፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ ሰው ቡናው ላይ ተቀምጦ ስለ ዓለም መጨረሻ ማውራት ይጀምራል። ወሬው ደስ ይላል። ችግሩ ከወንጌል የሰማነው፣ ቴሌግራም ላይ ያነበብነውና ከጎረቤት የለቀምነው እየተቀላቀለ መለየት የሚያቅት መሆኑ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ በብዛት የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሳ። የምጽፈው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት መሠረት ነው፤ ሌሎች የሚለዩበት ሲኖር እጠቅሳለሁ።

«ስምንተኛው ሺህ ገባ» እያሉ ቀን መቁጠር

ልጅ አባቱን ሲያመናጭቅ ይባላል፤ ጤፍ ሲወደድ ይባላል፤ የግንቦት ሙቀት ሲከፋም ይባላል። ተናጋሪው ሺሁ ዘንድሮ ወይ ከርሞ የሚገባ ይመስለዋል። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ግን ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። በዚያ ላይ 2018ን ደምሩ፤ 7518 ይመጣል። ሰባተኛው ሺህ የሞላው በ1500 ዓ.ም. ስለሆነ ስምንተኛው ሺህ ከገባ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል!

በጊዜው ፍርሃቱ የምር ነበር። ዐፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያዩ ይለምኑ እንደነበር በትውፊት ይነገራል፤ ያረፉትም እዚያው 1500 ላይ ነው። ልጃቸው ልብነ ድንግል በነገሡ በሃያ ዓመት ገደማ፣ በ1521፣ ከሐረር የተነሣው የኢማም አሕመድ ጦር ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል አደረጋቸው። ያን ጊዜ «ይኸው አለቀ» ያለ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ግን አላለቀም። አሜሪካም ውስጥ የዊሊያም ሚለር ተከታዮች በእነሱ አቆጣጠር ጥቅምት 22 ቀን 1844 ጌታ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ ዋሉ፤ ቀኑ እንደ ሌላው ቀን መሸ። ያችን ቀን የሰማይ መላእክት እንኳ አያውቋትም ተብሎ ተጽፎ ሳለ «አስልቼ ደረስኩበት» የሚል ሰባኪ ሲገጥማችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማን ነገረህ?

መዓት በመጣ ቁጥር የሞቱት ላይ መፍረድ

ይህኛው ያናድደኛል። በ1998 ክረምት የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወሰደ። ደቻቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል። ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ውሃ ሰው በተኛበት መጣ። ዛሬም ድረስ «የከተማዋ ኃጢአት ነው» የሚል አይጠፋም። ጌታ ግን ሉቃስ 13 ላይ በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው ስለሞቱት አሥራ ስምንት ሰዎች ተናግሯል፤ ከኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ የባሱ በደለኞች ስለነበሩ አይደለም፣ እናንተም ንስሐ ግቡ አለ። ጣቱን ወደ ሰሚዎቹ መለሰው እንጂ ወደ ሟቾቹ አልቀሰረም።

በ2017 አዋሽ ፈንታሌ ሲንቀጠቀጥም ያው ወሬ ነበር። ድሬዳዋ ራሷ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ይህ መሬት ድሮም ይንቀጠቀጥ ነበር። ማቴዎስ 24 ጦርነቱንም የምድር መናወጡንም ይዘረዝርና «የምጥ ጣር መጀመሪያ» ይለዋል፤ መጨረሻው ገና ነው ብሎም ያክልበታል። እኛ ዝርዝሩን እናነባለን፣ ይቺን እንዘላለን።

ስድስት መቶ ስድሳ ስድስትን በመታወቂያ መፈለግ

ክትባቱ ነው ተባለ፣ ባርኮዱ ነው ተባለ፤ አሁን ደግሞ ለፋይዳ አሻራና ዓይን ሲሰጥ የሚጨነቅ አለ። ራእይ 13ን ከምዕራፍ 14 ጋር አንብቡት። ምልክቱ ለአውሬው ከመስገድ ጋር ተያይዞ ነው የተነገረው፤ ሰው አውቆ አምላኩን ሲክድ የሚቀበለው እንጂ ሳያውቀው መመዝገቢያ መስኮት ላይ የሚለጠፍበት አይደለም። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ሄሬኔዎስ ከቁጥሩ ጋር የሚገጥሙ ስሞችን ሞክሮ ነበር፤ ከመገመት ይልቅ ፍጻሜውን መጠበቅ ይሻላል ብሎ ተወው።

የሞተ ሰው ሁሉ ፍርዱን ጨርሷል ማለት

ለቅሶ ቤት «መንግሥተ ሰማያት ገብቷል» እንላለን። ለማጽናናት ከሆነ ደግ ነው፤ ትምህርቱ ግን እንዲህ ነው። ነፍስ ከሥጋ ስትለይ የጻድቃን ወደ ገነት፣ የኃጥአን ወደ ሲኦል ትሄዳለች። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ «ዛሬ» የተባለው ገነት ነው። መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት የሚገባባቸው ከትንሣኤ ሙታን በኋላ፣ ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ ነው። ለሞቱት የምንጸልየውም ያ ፍርድ ገና ስላልተሰጠ ነው። ካቶሊኮች ነፍስ የምትነጻበት ስፍራ አለ ይላሉ፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ይህን አትቀበልም። ፕሮቴስታንቶች ደግሞ በአብዛኛው ለሙታን መጸለይን አይቀበሉም።

የሌላውን ትምህርት የራስ አድርጎ መውሰድ

አማኞች በድንገት ተነጥቀው ሌላው ምድር ላይ ይቀራል የሚለው ትምህርት፣ ማለትም ንጥቀት፣ በተወሰኑ ፕሮቴስታንቶች ዘንድ ያለ ነው፤ የተስፋፋውም ከ19ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። እኛ የምንጠብቀው ምጽአት አንድ ነው፣ ያውም በግልጥ።

ድሬ ውስጥ ደግሞ ሌላ አለ። ኢፍጣር ተጋብዘን ሙስሊሙ ጎረቤታችን «ኢሳ (ኢየሱስ) ይመለሳል፣ ደጃልን (ሐሰተኛውን መሲሕ) ይገድላል» ሲሉን «አቦ ያው የኛው ነው» እንላለን። የሚመሳሰል ነገር አለው፤ አንድ ግን አይደለም። ለእነሱ ኢሳ ነቢይ ነው፤ እኛ ደግሞ ፈራጁ ራሱ ክርስቶስ ነው እንላለን። ልዩነቱን አውቆ በሰላም ቴምር መብላት ይቻላል። «እገሌ ገሃነም ነው» ብሎ ስም ጠርቶ መፍረድ ግን ለማናችንም አልተሰጠም።

ስለትና ድግስ ያስመልጠኛል ማለት

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ መሄድ መልካም ነው። የሠራተኛዋን የሁለት ወር ደመወዝ ይዞ ለገብርኤል ጃንጥላ የሚያስገባ ሰው ግን ማቴዎስ 25ን አላነበበም። እዚያ የሚጠየቀው ስለተራበ፣ ስለተጠማ፣ ስለታረዘ፣ ስለታመመና ስለታሰረ ሰው ነው። በዚህች ከተማ የተጠማ ሰው ሩቅ ተሂዶ አይፈለግም።

ተዝካርም እንዲሁ። አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ የጸሎትና የምጽዋት ቀን ነው። ሙክት ገዝቶ፣ ድንኳን ተከራይቶ፣ ዕቁብ አስቀድሞ አውጥቶ የሚደገሰው የሰው አፍ ተፈርቶ ነው፤ ሟችን የሚጠቅመው ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ለድሃ የተሰጠው ነው። ሊበደር ያሰበ ካለ አስቀድሞ ንስሐ አባቱን ያነጋግር፤ ቅዳሴውም ምጽዋቱም ያለ ሙክት ይደረጋል።